ተጫዋች ያልሆነችው ታንጉት

ስሟ ቢነሳ ሹማምንቷ ስለሚቆጡ ስሟ ይቅርና፣ አንዲት አገር ነበረች። በዚያች አገር ሰው ሁሉ ጌም ይጫወት ነበር። ልብስ ሰፊው ደንበኛ ሲጠፋ ይጫወታል። ሐኪሙ ከሥራ ሲወጣ ይጫወታል። የተኳረፉ አማትና ምራት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ቃል ሳይለዋወጡ፣ በስክሪን ላይ ሲታኮሱ ይውሉና ማታ ታርቀው ይነሳሉ። ተጫዋች ማነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ውሃ ጠጪ ማነው ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

ጥያቄው የመጣው ከቤተ መንግሥት ነው። በአንድ የበዓል ቀን ንጉሡ በአደባባይ የፈረስ ግልቢያ ጌም ይጫወቱ ነበር። ባለሟሎቻቸውን ተራ በተራ አሸነፉ፤ የባለሟል ሥራው መሸነፍ ነውና። በዚህ ልባቸው ሞቀና «ከሕዝቡ መካከል የሚሞክረኝ ካለ ይምጣ» አሉ። አንዲት ጎመን ነጋዴ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ወጣችና ጆይስቲኩን ተቀበለች። የንጉሡ ፈረስ ቦይ ውስጥ ተገልብጦ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሲያወራጭ የእሷ ፈረስ ቀድሞ ገባ።

ያኔ አንድ ብልጥ ባለሟል ብድግ ብሎ፣ «ጃንሆይ፣ አልተሸነፉም» አለ። «ሰው ተሸነፈ የሚባለው ተጫዋች ሲያሸንፈው ነው። ይህች ሴት ደግሞ ተጫዋች አይደለችም።»

ንጉሡ ደስ አላቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ ተጫዋች የሚባለው ማነው?» ብለው ጠየቁ። የሚያውቅ ጠፋ። ስለዚህ ጥያቄውን የሚመልስ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። መሥሪያ ቤት ደግሞ አንዴ ከተቋቋመ ወዲያ ጥያቄው እንዲመለስ አይፈልግም።

የእውነተኛ ተጫዋችነት ሸንጎ አሉት። ሸንጎው መጀመሪያ ያወጣው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ እውነተኛ ተጫዋች ሲጫወት አይስቅም የሚል። ሕዝቡ ሳቀበት። በሁለተኛው ዓመት ግን በስልክ የተጫወተ ሰው እጁ እንደረከሰ ተቆጠረ። ቀላሉን ደረጃ መርጦ የተጫወተ ሰነፍ ተባለ፤ ሰነፍ ደግሞ ምስክርነቱ አይሰማም። ቆየት ብሎም አያቱ የተጫወቱትን ጌም ስም መጥራት የማይችል መጤ ነው ተባለ። ያሸነፈ ሰው የተሸናፊውን እናት ካልሰደበ ልቡ ጨዋታው ላይ አልነበረም ተብሎ ድሉ ይሰረዝበት ጀመር። ሴቶችም አልተረሱም። ጆይስቲክ እንዲያቀብሉ፣ ባትሪ እንዲለውጡና ስክሪን እንዲወለውሉ ተፈቀደላቸው፤ «ተፈቀደ» የሚለው ቃልም በከበሮ ታወጀ።

ከሹማምንቱ ሁሉ የሚፈራው የአውራ ጣት መርማሪው ነበር። ቢተው ይባላል፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በአንገቱ ላይ በክር ያንጠለጠላት የቀንድ ቀለበት አለችው። እውነተኛ ተጫዋች ብዙ ከመጫወቱ የተነሳ አውራ ጣቱ ይደድራል፣ ይወፍራል ይባል ነበርና፣ ጣቱ በቀለበቷ ያለፈ ሰው ከእውነተኞቹ ተርታ ይወጣል። ሕጉ ከጸና በኋላ ወጣቶች አውራ ጣታቸውን በድንጋይ ሲያሹ መዋል ጀመሩ። ጣት በማሻሸት ላይ የዋለ ሰው መቼ ይጫወታል? ይህን የጠየቀ ግን አልተገኘም።

ታንጉት የምትኖረው በዚያች አገር ነው። ባሏ አንዳርጌ በንጉሡ የጨዋታ አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያው ወንበር ባለቤት ነበር። ስሙ በግድግዳው ላይ በነሐስ ተጽፏል። ከአዳራሹ ሰዎች ግማሹን ያስተማረው እሱ ነው፤ የሸንጎው የበላይ የሆነውን ሊቀ ተጫዋች ጎሽሜን ሳይቀር። ጎሽሜ ገና ሹመት ሳያገኝ በአንዳርጌ ቤት እየበላ፣ ከአንዳርጌ ጆይስቲክ እየተሻማ ነው ያደገው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ታንጉት ባትሪ ለወጠች፣ ስክሪን ወለወለች። ባሏ አንድም ቀን «እስቲ ሞክሪው» ብሏት አያውቅም። እሷም አልጠየቀችም፤ ያልተጠየቀ ነገር ውስጥ ለውስጥ እንደሚቆረቁር ግን ታውቀው ነበር።

ከዚያ አንዳርጌ ታመመ። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ሲል ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ምላሱም ከበደ። አንዲት ቃል ለማውጣት ግንባሩ ላብ እስኪያወጣ ይታገላል፤ ስትወጣም ተሰብራ ነው የምትወጣው። የአዳራሹ ጓደኞቹ መጀመሪያ ሰሞን እየመጡ ጠየቁት። በኋላ ያንን ዝም ያለ እጅ ማየት እየከበዳቸው ቀሩ። ጎሽሜ አንድ ሙክት ላከ፤ ራሱ አልመጣም።

ዝናብ በሚዘንብበት አንድ ከሰዓት በኋላ አንዳርጌ በግራ እጁ ወደ ስክሪኑ አመለከተ። ታንጉት አቧራው ያስጠላው መስሏት ጨርቅ አነሳች። ራሱን ነቀነቀ።

«አ… ብሪው።»

አበራችው። «ይኸው። ምን ልታደርገው ነው?»

«አን… ቺ።»

«እኔ ምን?»

ጆይስቲኩን በግራ እጁ ገፋ አደረገላት። ታንጉት ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቆ፣ እጁ ሲከዳው! ልትወረውረው ምንም አልቀራት። ነገር ግን ዓይኑን አየችውና ተቀመጠች።

ጌሙ ውሃ የጫነች አንዲት ጋላቢ የተቃጠለ አገር አቋርጣ ወደ ተጠማ መንደር የምትሄድበት ነው። በመንገዱ ገደል አለ፣ ሽፍታ አለ፣ እንጨቱ ከእግር ሥር የሚረግፍ ድልድይ አለ። አንዳርጌ መንገዱን በሙሉ ያውቀዋል፤ ታንጉት ደግሞ የሚሠራ እጅ አላት። እሱ «ግራ» ብሎ እስኪጨርስ ሽፍታው ስለሚደርስባቸው ቀላሉን ደረጃ መረጡ። እንደዚያም ሆኖ ጋላቢዋ በመጀመሪያው ቀን ከገደል ገደል ስትወድቅ ዋለች።

«ዝ… ለይ!»

«ዘለልኩ እኮ!»

«ወደ… ፊት!»

«ወደ ፊት በል ታዲያ! እኔ ልብህን አነብልሃለሁ እንዴ?»

አንዳርጌ ሳቀ። ከታመመ ጀምሮ ስቆ አያውቅም። ሳቁ በአንድ ጎን ተንጋዶ ነው የወጣው፤ ለታንጉት ግን ቀጥ ያለ ሳቅ መስሎ ታያት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰዓት በኋላቸውን በጨዋታ አሳለፉት። ለጋላቢዋ ሲጮህላት የአንዳርጌ ምላስ ቀስ በቀስ ይላቀቅ ጀመር። «ግራ» ለማለት ይታገል የነበረው ሰው «ግራውን ያዢ፣ ሽፍታው ከድንጋዩ ጀርባ ነው» የሚል ሆነ። ሐኪሙ ሲመጣ ተገርሞ፣ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ቢላቸው ሁለቱም እንደተያዙ ሌቦች ተያዩ። ነገሩን ሲሰማ «እንዳታቋርጡ» ብሎ ሄደ።

ጎረቤት ሳቃቸውን እየሰማ ይመጣ ጀመር። በመስኮት በኩል ያያሉ፣ ታንጉት ስትወድቅ አብረው ይጮሃሉ። ከእነዚያ ዓይኖች አንዱ ወደ ሸንጎው ሄዶ ተናገረ፤ በአንዳርጌ ቤት ሴት ትጫወታለች፣ በቀላሉ ደረጃ ትጫወታለች፣ አንዱን ጌም ለሁለት ይጫወቱታል፣ ደግሞም ይስቃሉ ብሎ። ሳምንቱ ሳያልቅ አጋፋሪ መጥቶ ባልና ሚስቱን ለችሎት ጠራቸው።

ታንጉት ባሏን ደግፋ አዳራሹ ስትገባ ያየችው ነገር አስደነገጣት። መስኮት የሌለው ያ ሰፊ አዳራሽ በመብራት ተንቆጥቁጧል። ስክሪኖቹ ግን በሙሉ ቀይ ከፈይ ለብሰዋል። ጆይስቲኮቹ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ናቸው። እውነተኞቹ ተጫዋቾች በየወንበራቸው ሆነው፣ የደደረ አውራ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ተራ በተራ ይመረመራሉ። ምርመራው ጠዋት ይጀምርና ሲመሽ ያበቃል፤ በማግስቱም ከመጀመሪያው ይጀመራል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተጫወቱት ሰዎች የመጨረሻው ምናልባት አንዳርጌ ሳይሆን አልቀረም።

ጎሽሜ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ካባው ከትከሻው ላይ እንዳይንሸራተት ሁለት ሰዎች ይዘውለታል። አንዳርጌን ሲያይ ዓይኑን ሰበር አደረገ።

መጀመሪያ ቢተው መጣ። የአንዳርጌን ቀኝ አውራ ጣት አንስቶ ቀለበቷን አስገባ። የታመመ ጣት ነው፤ ሳስቷል። ቀለበቷ ምንም ሳይዛት እስከ መጨረሻው ገባች። በአዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ሆነ። ቢተው ቀለበቷን ሲያወጣ እጁ እንደተንቀጠቀጠ ታንጉት አየች።

ቀጥሎ እሷ ተጠየቀች።

«አያትሽ ምን ይጫወቱ ነበር?» አለ ጎሽሜ።

«አያቴ ዓይነ ስውር ነበሩ፣ ጌታዬ።»

«መጤ» አለ አንዱ ሹም።

«ስታሸንፊ ማንን ትሰድቢያለሽ?»

«አሸንፌ አላውቅም።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ አጋፋሪው ዞር ብሎ ፈለገው። ጎሽሜ ሳል ብጤ ሳለና ድምፁን ለስለስ አደረገ።

«ስሚ ታንጉት። እኔ የዚያን ቤት እንጀራ በልቻለሁ፤ የአንዳርጌ ስም ከዚህ ግድግዳ እንዲፋቅ አልሻም። አንድ ነገር ብቻ ማዪልኝ። እኔ ስክሪን ስወለውል ነበር፣ ተጫውቼ አላውቅም በዪ። ጆይስቲኩን ታስረክቢያለሽ፤ እሱ በክብር የተሰናበተ እውነተኛ ተጫዋች ተብሎ ስሙ እንደተጻፈ ይኖራል። ወንበሩም ላይ ማንም አይቀመጥም።»

ታንጉት ግድግዳውን አየችው። ያንን ስም አንዳርጌ ምን ያህል እንደሚወደው ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ጤነኛ ሳለ ከአዳራሹ ሲመለስ ነሐሱን በመዳፉ አሽቶ ስለሚመጣ እጁ ነሐስ ነሐስ ይሸት ነበር። አሁን ደግሞ የቀረለት ያ ስም ብቻ ነው። የእሷ ጨዋታ ምንድን ነው? ገደል ውስጥ መውደቅ። ጨዋታዋን ክዳ ስሙን ብታተርፍለትስ?

«እኔ…» ብላ ጀመረች፤ «እኔ ስክሪን ስወለ…»

አንዳርጌ በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታው።

«ው… ሸት ነው!»

«ጎሽሜ» አለ አንዳርጌ። በዚያ ቤት ሊቀ ተጫዋቹን በስሙ ብቻ የጠራው ሰው አልነበረም፤ ካባ ያዦቹ ተሳቀቁ። «ትችላለች ወይ? አት… ችልም። እኔ ካየሁት ሰው ሁሉ የከፋች ናት።» ትንሽ አረፈ። «ግን ትወድቅና ት… መለሳለች። ደግማ ትወድቃለች፣ ት… ስቃለች፣ ትመለሳለች። አንተን ሳስተምርህ… አንተም እንደዚህ ነበርክ። ኋላ ነው ጣትህን ማየት የጀመርከው።»

ጎሽሜ ፊቱ ቀላ። «የምትናገረውን አስበህ ተናገር፤ ስምህ ግድግዳው ላይ ነው።»

«ፋቀው። እኔ ል… ጅ ሳለሁ ግድግዳ ላይ ስም አልነበረም። ጨ… ዋታ ነበር።»

ሹማምንቱ ራሶቻቸውን አጋጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ጎሽሜ ተነሳና ፍርዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። «አንዳርጌና ሚስቱ ታንጉት ተጫዋቾች አይደሉም። ከዛሬ በፊትም ተጫዋቾች አልነበሩም። በቤታቸው ያደርጉት የነበረውም ጨዋታ አይደለም። ይህ ለሕዝብ ይታወቅ።» አንድ ሰው መሰላል አምጥቶ፣ እነሱ እያዩት፣ ስሙን በመሮ ይፈለቅቅ ጀመር።

ታንጉት የመሮውን ድምፅ እየሰማች ቆመች። በሆዷ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ወዴት እንደሄደ አታውቅም። በእሱ ቦታ የገባው ነገር ቁጣ ነው፤ ለዓመታት ባትሪ ስትለውጥ የኖረች ሴት ቁጣ።

«ጌታዬ» አለች፤ «እኔ የማደርገው ነገር ጨዋታ አይደለም ነው ያሉት?»

«ብያለሁ።»

«ተጫዋችም አይደለሁም?»

«አይደለሽም።»

«እንግዲያው በእናንተ አዳራሽ ውስጥ ተጫወተች የሚለኝ የለም።»

ወደ መጀመሪያው ወንበር ሄደች። ከፈዩን ገፈፈችው፤ አቧራው እንደ ዱቄት ተነነ። የመስታወቱን ሣጥን ከፍታ ጆይስቲኩን አወጣች። አንዳርጌን ደግፋ በራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ እሷ ከእግሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑ በራ።

አጋፋሪው እየሮጠ መጣና ዱላውን አነሳ። «ሊቀ ተጫዋች! ሴትዮዋ እየተጫወተች…»

«ዝም በል!» አለ ጎሽሜ። ተጫወተች ካለ አሁን የሰጠው ፍርድ ሊፈርስ ነው። አልተጫወተችም ካለ በምን ይያዛታል? ሹማምንቱ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ «አልተጫወተችም፣ ግን አልተጫወተችም ተብላ ትያዝ» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ምንም ያላደረገ ሰው ሲያዝ ምን ተብሎ ነው?» ብሎ ጠየቀው። እነሱ ሲከራከሩ ጋላቢዋ ውሃዋን ጭና መንገድ ገባች።

«ቀኙን ያዢ» አለ አንዳርጌ። «ድልድዩ መጣ። ቀስ… በይ።»

«ቀስ እያልኩ ነው።»

«ይሄ ቀስ ነው?»

ጋላቢዋ የድልድዩን መጀመሪያ እንጨት እንደረገጠች ከነፈረሷ፣ ከነውሃዋ ገደል ገባች። አንዳርጌ በተንጋደደው ሳቁ ሳቀ። ከኋላቸው አንድ እውነተኛ ተጫዋች ሳቀ። ሌላው አፉን በሻርፑ ሊያፍን ሞከረ፣ አልቻለም። ዓመታት ሙሉ የታፈነ ሳቅ ነው፤ አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? አዳራሹ በሙሉ አውካካ። «ሴትዮ፣ ወደ ግራ ነበር!» አለ አንዱ። «ኧረ መጀመሪያ ትቁም!» አለ ሌላው፣ ከወንበሩ ተነስቶ። ጥቂቶቹም የየራሳቸውን ከፈይ መግፈፍ ጀመሩ።

ጎሽሜ ካባው ከትከሻው ወረደ። «መብራቱን አጥፉት!» ብሎ ጮኸ።

መብራቱ ጠፋ። ስክሪኖቹም አብረው ጠፉ፤ የእውነተኞቹም፣ የሐሰተኞቹም። በዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮት በሌለው አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ግድግዳ እየዳሰሰ በሩን ፈለገ። ሸንጎው ተጫዋችን ከማይጫወተው እለያለሁ ብሎ ተነስቶ፣ በመጨረሻ ማንም እንዳይጫወት አደረገ። አዳራሹ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተቆለፈ። ምርመራው ግን አልቀረም፤ በግቢው ውስጥ ድንኳን ተክለው ዛሬም ጣት ይለካሉ ይባላል።

በማግስቱ ሹማምንት መጥተው ስክሪኑንና ጆይስቲኩን ከአንዳርጌ ቤት ወሰዱ። ታንጉት «ይኼ ለሱ መድኃኒቱ ነው» ብላ ተናገረች፤ ሐኪሙም መጥቶ ተናገረ። «ጨዋታ ያልሆነ ነገር መድኃኒት አይሆንም» ብለዋቸው ጭነው ሄዱ። ታንጉት የቤቱን መጽሐፍ ሁሉ እያነሳች ብታነብለት፣ ብታዋራው፣ ምላሱ ተመልሶ ይከብድ ጀመር። «ሊነጋ ነው ወይ?» ለማለት የሚታገለውን ስታይ ትወጣና ከቤቱ ኋላ ሆና ጥርሷን ነክሳ ትመለሳለች። ታዝናለች የሚላት ጎረቤት ተሳስቷል። ተናዳ ነበር።

አንድ ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ፣ በሩ ተንኳኳ። የአውራ ጣት መርማሪው ቢተው ነው። በትከሻው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ተሸክሟል።

«ምን ቀረህ?» አለችው። «የምትለካው ጣት አልቆብናል።»

«እትዬ ታንጉት፣ ስክሪን ነው። የራሴ ነው።» አንገቱን ደፋ። «እኔም እቤቴ መስኮቴን ሸፍኜ እጫወታለሁ። በቀላሉ ደረጃ። ያንን ድልድይ አልፌው አላውቅም። ጋሼ አንዳርጌ እዚህ ይዩልኝ ብዬ ነው… ለእሳቸውም ለምላሳቸው…»

ታንጉት ከበሩ ፈቀቅ አላለችም። «መስኮትህን ሸፍነህ እየተጫወትክ፣ ቀን ቀን ስንቱን ሰው በዚያች ቀለበት ጣልከው?»

ቢተው ሸክሙን በትከሻው ላይ አስተካከለ።

«እሱንስ? የታመመ ጣቱን?»

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር» አለ በቀስታ።

«አይቻለሁ። ቢንቀጠቀጥም ለክተኸዋል።»

ከውስጥ የአንዳርጌ ድምፅ መጣ። «ማ… ማነው?»

ታንጉት ወደ ጎን ቆመችና መንገድ ለቀቀችለት። ቢተው ገባ። ሸክሙን እንዳወረደ ዞሮ መንገዱን ቃኘ፤ በወዲያ ማዶ ሰዎች ቆመው ያዩታል፣ ከእነሱም መካከል የሸንጎው አጋፋሪ አለበት። ቢተው በሩን ለመዝጋት እጁን ዘረጋ።

«ከዘጋኸው ዕቃህን ይዘህ ትወጣለህ» አለችው ታንጉት። «በዚህ ቤት ተደብቆ የሚጫወት ሰው የለም።»

«ሥራዬን ያሳጡኛል፣ እትዬ።»

«እኛን ምን እንዳሳጡን ታውቃለህ።»

ቢተው እጁ በሩ ላይ እንዳለ ቆመ። አጋፋሪው መንገዱን አቋርጦ መምጣት ጀምሯል። አንዳርጌ አልጋው ላይ በግራ ክርኑ ተደግፎ ቀና ለማለት ይታገላል። ታንጉት ለቢተውም ለአጋፋሪውም ጀርባዋን ሰጥታ ብርድ ልብሱን መፍታት ጀመረች።

ቢተው በሩን ግድግዳው ድረስ ወለል አድርጎ ከፈተውና፣ እንዳይመለስ ድንጋይ አስደገፈው።